ስለ ፈረስ ስም
(ለተማሪዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



በመካነ ሰላም፣ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋ ያደግን ተማሪዎች የፈረስን ነገር ከመጽሐፍ አልተማርነውም። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ ፈረሱ ሳይሆን ፈረሱ ለጌታው ስላተረፈለት ስም ነው።

የፈረስ ስም የሚባለው፣ ጦረኛው ለፈረሱ ያወጣው ስም «አባ» ተጨምሮበት ለራሱ መጠሪያ ሲሆን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ አባ ሻንቆ ይባሉ ነበር። ይህ «አባ» የመነኮሳት ማዕረግ አይደለም። በኦሮምኛ «አባ» አባትም ባለቤትም ማለት ስለ ሆነ፣ አባ ዳኘው ሲባል የዳኘው ጌታ ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ሲነገሩ በኖሩባት በወሎ ይህ ስም ባዕድ ሊሆን አይችልም።

ስሞቹን ልብ ብለን ብናይ ብዙዎቹ ትእዛዝ ናቸው፤ ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ዳኘው፣ ቃኘው። የሰውየውን መልክ ወይም ትውልድ አይናገሩም፤ ሊሠራ ያሰበውን ያውጃሉ። የተወደዱትም በዚህ ይመስለናል። የክርስትና ስም ካህን፣ የቤት ስም እናት ታወጣለች፤ የፈረስ ስም ግን ሰው በጉልምስናው የሚያገኘው የራሱ ስም ነው። መሐመድ ዓሊ በ1870 ዓ.ም. ሚካኤል የተባሉት የዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ስለ ደረሰባቸው ነው። አባ ሻንቆ የሚለው ስም ግን እስላምም ክርስቲያንም አይደለም። የጅማው እስላም ንጉሥም አባ ጅፋር ነበሩ። ሃይማኖት በለያያቸው ጌቶች መካከል ፈረስ አንድ ቋንቋ ሆኖ ነበር።

በ1888 ዓ.ም. የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች በዓድዋ ያደረጉትን ሁላችን እናውቃለን። ፈረሱ ከጦር ሜዳ ከራቀ በኋላም ስሙ አልቀረም፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ሻለቃ «ቃኘው» ተብሎ ነው የሄደው።

ነገር ግን ጓደኞቻችን፣ ስሙን ስናወድስ አንድ ጥያቄ አብረን እናንሣ። ያን ጊዜ ጦር ስንቁን ያወጣ የነበረው ከገበሬ ጎተራ ነው። «በዝብዝ» ለፈረሰኛው ፉከራ ነበር፤ ለባለ ጎተራውስ ምን ነበር? ዛሬ «በዝባዥ» ስድብ ሆኗል። ያው ቃል ነው፤ የተለወጠው ተናጋሪው ነው። ፊት ፈረስ ላይ የተቀመጠው ይናገረው ነበር፤ አሁን እግረኛው ይናገረዋል።

ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ ሽማግሌዎቻችንን እንጠይቅ። የነገሥታቱ የፈረስ ስም ተጽፏል፤ የየቀበሌያችን ፈረሰኞች ስም ግን ባለቤቶቹን ከሚያስታውሱ አረጋውያን ጋር ወደ መቃብር እየወረደ ነው። እነዚያን እንጻፍ። ስንጽፍም አባ እገሌ በፈረሱ ሲያልፍ በር ዘግተው የጠበቁት ምን ብለው ይጠሩት እንደ ነበር መጠየቅን አንርሳ። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲጻፉ ነው ታሪኩ የሚሞላው።