የሰማዕቱ ጦርና የሥዕል ሕግ
(ሞጣ ላይ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ዲስኩር)

የተሰጠኝ ርእስ «የእይታ ጥበብ መሠረታውያንና መርሆዎች» ይላል። መስመር፣ ቅርፅ፣ ቀለም፣ ቦታ መሠረታውያኑ ናቸው፤ ሚዛን፣ ምጣኔ፣ ምትና ትኩረት መርሆዎቹ። ይህን ከመማሪያ መጽሐፉ ታውቁታላችሁ። እኔ ለዓመታት ሳየው ከኖርኩት ሥዕል ልነሣ፦ ከቅዱስ ጊዮርጊስ። ሞጣ የጊዮርጊስ ደብር አላት፤ እንግዶቻችን የመጡባት ብቸናም በአቅራቢያዋ ዲማ ጊዮርጊስ አለላት። ይህን ሥዕል ያላየ እዚህ የተቀመጠ አይመስለኝም።

እስቲ በዓይነ ኅሊናችሁ አምጡት። ነጭ ፈረስ፣ በላዩ ሰማዕቱ፣ ከፈረሱ እግር ሥር ዘንዶው፣ ዛፉ ላይ ከዘንዶው ያዳናት ብሩታዊት። ጦሩን ተከተሉ። ከሰማዕቱ እጅ በሰያፍ ወርዶ ዘንዶው ላይ ያርፋል። የፈረሱ አንገት ቅስት ነው፤ የካባው እጥፋት ይሞገዳል፤ የዘንዶው ጅራት ይጠመዘዛል። በዚህ ሁሉ ጥምዝ መካከል ጦሩ ቀጥ ስላለ ዓይን ሳይወድ በግዱ ይከተለዋል። አሁን ደግሞ ፊቱን እዩ። ከቅንድብ ተነሥቶ አፍንጫ ሆኖ የሚወርድ አንድ መስመር፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች። ሰማዕቱ የሚወጋውን ዘንዶ አያይም፤ የሚያየው እኛን ነው። ጦሩ ወደ ታች ይወስደናል፤ ፊቱ መልሶ ወደ ላይ ይጠራናል። ትኩረትን ከዚህ አብልጦ የሚያስተምር ሰሌዳ አላየሁም።

በአባቶች ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ርኩስ መንፈስና ከሃዲ ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ብቸና ያስተማርኳት ልጅ «ታዲያ የጊዮርጊስ ፈረስ ለምን አንድ ዓይን ብቻ ኖረው?» አለችኝ። ግሩም ጥያቄ ነው! ሕጉ ለሰውና ለመንፈስ ነው፤ የፈረስ ግርማ ደግሞ የሚታየው ከጎኑ ነው። ሠዓሊው ፈረሱን ነጭ አደረገው፤ ዓይን ያጎደለውን ቀለም ሞላው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሥርዓት ባለበት የቆመ አይደለም። ሞጣ ጊዮርጊስን ያስተከሉት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ናቸው። በእናታቸው ዘመን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ የጎንደር ሠዓልያን ከወጥ ቀለም ወጥተው ፊትን በጥላ ማጉላት ያዙ። ጣና ላይ፣ ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው፣ በመጠንም እጅግ አንሰው ተሥለዋል። ምጣኔ ማለት ይኸው ነው፤ ማዕረጉ በመጠን ተነገረ። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሰው አገራችን መጥቶ ይሥል ነበር፤ እዚሁ ጎጃም ዋፋ ኢየሱስ ሥራው ተገኝቷል። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ሕፃኑን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ ስላደረገው ሕዝቡ ተቆጣ። ልብ በሉ፤ ለዚያ ተመልካች ቀኝ የክብር፣ ግራ የዝቅታ ወገን ነበር፤ የሥዕል ግራና ቀኝ ዝም ብሎ ቦታ አልነበረም።

ሰዓቴ ስላለቀ የቀሩትን ልሩጥባቸው። የነጠላችሁን ጥለት እዩ፤ በሁለቱም ጫፍ መደገሙ ሚዛን፣ ቀለማቱ በተራ መመላለሳቸው ምት ነው። ሌላውን መሠረታዊ፣ ልስላሴና ሻካራነትን፣ ብራና የዳሰሰ ያውቀዋል፤ የጠጉሩ ፊትና የሥጋው ፊት ለጣት አንድ አይደሉም። ስለ ቅርፅ ብዙ ማለት ነበረብኝ፤ በጥያቄ ጊዜ አንሡብኝ።

መምህራን ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። የደብሩን አለቃ አስፈቅዳችሁ ልጆቹን እርሳስና ወረቀት አስይዛችሁ ሥዕሉ ፊት አቁሟቸው። መጀመሪያ መስመሩን ብቻ ይሣሉ፤ ቀለሙን ለሌላ ቀን አቆዩላቸው።