የተሳሳተ ዋጋና የሸማች መብት



ሸማች ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት የሚያምነው ሻጩ የጻፈውን ዋጋ ነው። ጽሑፉ ሲሳሳት ጉዳቱን የሚሸከመው ማን ነው? የዚህ ንግግር ርእስ ይኸው ነው።

ለምሳሌ ያህል በደምበጫ ከተማ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ይታሰብ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በኪሎም በቤርጋም ይሸጣል። ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ ቤርጋ ከ10 ኪሎ ግራም ተኩል በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ሻጩ የኪሎውን ዋጋ በቤርጋው ላይ ቢጽፍ ዕቃው ከዋጋው ባነሰ፣ በአንድ ዐሥረኛ ገደማ ይሸጣል። በቆሎውን ሸጦ ቤት ለመሥራት ከገጠር የመጣ ገበሬ በጽሑፉ ተማምኖ ከፈለ፤ ደረሰኝ ተቀበለ፤ አይሱዙ ተከራይቶ አስጫነ። በዚህ ጊዜ ሻጩ «አባቴ፣ ተሳስቻለሁ፤ ፌሮው ይውረድልኝ» ቢል የገበሬው መብት ምንድን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ መልስ አለው። በአንቀጽ 1687 መሠረት ዋጋ መለጠፍ ወይም ዕቃ ለሽያጭ መደርደር ብቻውን ለመዋዋል እንደ ቀረበ ሐሳብ አይቈጠርም። ስለዚህ ስሕተቱ ከሽያጩ በፊት ከታወቀ ሸማቹ በተጻፈው ዋጋ ካልተሸጠልኝ ብሎ ሊያስገድድ አይችልም። ሽያጩ ከተፈጸመ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስሕተቱ መሠረታዊ ከሆነ ሻጩ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል፤ ሆኖም በአንቀጽ 1703 መሠረት በመፍረሱ ምክንያት የሚደርሰውን ጉዳት ይክሳል። ከካሣው ነጻ የሚሆነው ገዢው ስሕተቱን ያወቀ ወይም ማወቅ ይገባው የነበረ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ያንኑ ጽሑፍ አንድ መሐንዲስ ቢያየው ስሕተቱን ወዲያው ይረዳል፤ ዝም ብሎ ቢገዛ መብቱን ተጠቀመ አይባልም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአሠራር ሥርዐት ላይ ብልሽት በደረሰ ጊዜ በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ያወጡ ደንበኞች እንዲመልሱ የተጠየቁትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰው በሒሳቡ ያለውን ያውቃልና። ፌሮ ገዝቶ የማያውቅ ገበሬ ግን የቤርጋን ክብደት ከየት ያውቃል? እርሱ የአይሱዙውን ኪራይ ሊካስ ይገባዋል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ ደንግጓል። ይሁን እንጂ መለኪያው ያልተገለጸ ዋጋ ግማሽ ቃል ነው። የማኅበሩ አባላት ለገጠር ሠሪዎች የዕቃ ዝርዝር ሲያዘጋጁ «በኪሎ» ወይም «በቤርጋ» የሚለውን ከዋጋው አጠገብ ቢጽፉ፣ ደረሰኙም እንዲሁ እንዲጻፍ ቢመክሩ፣ ብዙ ክርክር ከመነሣቱ በፊት ይቀራል።

የማይሳሳት ነጋዴ የለም። የስሕተቱን ኪራይ ግን ገበሬው ሊከፍል አይገባም።