ያጠፋሁት ስሙን ነበር

(ቅዳሜ ማታ በድምፅ ውይይታችን ላይ ያቀረብኩት ነው። ኔት አስቸግሯችሁ ያመለጣችሁ ልጆች «በጽሑፍ ልቀቀው» ስላላችሁኝ ይኸው።)



እዚህ ቤት ስለ ታሪክ ማውራት እንወዳለን። ዛሬም የማወራው ስለ ታሪክ ነው፤ ብቻ የኮድ ታሪክ ነው። «ይሄ ልጅ ደግሞ ምን ነካው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ።

በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራ የለኝም፤ ያገኘሁትን እየነካካሁ ነው የምኖረው። ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ነጋዴ የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እንድሠራለት ጠየቀኝ። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ማን ዱቤ አለበት፣ እንዲህ ያለ ነገር። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ሠራሁ። ላስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ የተዝረከረኩትን ብራንቾች ላጽዳ ብዬ ወደ ሜን ተመለስኩና ሥራው ያለበትን ብራንች ራሱን ሰረዝኩት። ጊት እኮ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ «ይሄ ከሌላው ጋር አልተዋሃደም» ብሎኛል። እኔ ግን በትልቁ ዲ አስገድጄ አጠፋሁት። ፎልደሩን ስከፍት የሦስት ሳምንት ልፋት የለም። ፑሽም አላደረግኩም ነበር፤ ካርዴ አልቆ።

ምን መሰላችሁ፣ አድ፣ ኮሚት፣ ፑሽ የሚሉትን ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ እንደ ውዳሴ በቃሌ እወጣቸዋለሁ። አንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን «ኮሚት ስታደርግ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ይፈጠራል?» ተብዬ «ሴቭ ይሆናል» ብያለሁ። ሰውየው አንገቱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። በቃ፣ አልደወሉልኝም። ያን ሌሊት የተጨነቅኩትም ያንኑ ጥያቄ ስላልመለስኩት ነው።

እስኪ እንመልሰው።

ጊት ኢኒት ስትሉ ፕሮጀክታችሁ ውስጥ አንድ የተደበቀ ፎልደር ይፈጠራል። ስሙ በነጥብ ይጀምራል፤ ነጥብ ጊት። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ ካላላችሁት አይታያችሁም። ሪፖዚተሪ የምንለው እሱ ነው። ከውጭ የምታዩት ኮድ ከዚያ ውስጥ የወጣ የሥራ ቅጂ ነው። ሰርቨር የለም፣ ኢንተርኔት የለም፣ ሁሉም ነገር እዚያች ፎልደር ውስጥ ነው። ሊነክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ በፈረንጆች ኤፕሪል 2005 ጊትን ሲሠራ እንዲህ አድርጎ ነው የነደፈው። የሊነክስ ሰዎች ቢትኪፐር በሚባል የንግድ ፕሮግራም በነጻ ይጠቀሙ ነበር፤ ነጻው ፈቃድ ሲነሳባቸው የራሱን ሠራ። በቀናት ውስጥ ጊት የራሱን ኮድ መያዝ ጀምሮ ነበር።

ክፈቱት። ኦብጀክትስ የሚባል ፎልደር አለ፣ ሪፍስ አለ፣ ሎግስ አለ፣ ሄድ እና ኢንዴክስ የሚባሉ ፋይሎች አሉ። ኮንፊግና ሁክስን ለሌላ ቀን እንተዋቸው።

ነገሩ ሁሉ ያለው ኦብጀክትስ ውስጥ ነው። ስትገቡ ሁለት ሁለት ፊደል የሆነ ስም ያላቸው ብዙ ፎልደሮች ታያላችሁ፤ ውስጣቸው ደግሞ ረጅም ስም ያላቸው ፋይሎች። እኔ መጀመሪያ ሳየው ቫይረስ ነበር የመሰለኝ። ጊት አንድን ፋይል ሲያስቀምጥ «ምን ዓይነት ነው፣ ስንት ባይት ነው» የሚል አጭር ራስጌ ከይዘቱ ፊት ይጨምርና ሁሉንም በሻ-1 ስሌት ያሳልፈዋል። ስሌቱ 40 ሆሄ ያለው ቁጥር ይሰጠዋል። የመጀመሪያዎቹ 2 ሆሄያት የፎልደሩ ስም ይሆናሉ፣ የቀሩት 38ቱ የፋይሉ። ይዘቱ ተጨምቆ እዚያ ይቀመጣል። ስለዚህ ስሙን የሚያወጣለት ይዘቱ ራሱ ነው። አንድ ነጠላ ሰረዝ ብትቀይሩ ስሙ ሌላ ይሆናል። ያንኑ ሎጎ ሦስት ቦታ ብትገለብጡት ግን ይዘቱ አንድ ስለሆነ ኦብጀክቱም አንድ ብቻ ነው።

ይሄ ብሎብ ይባላል። ብሎብ የፋይሉን ስም አያውቅም፤ ይዘት ብቻ ነው። ስሙን የሚያውቀው ትሪ የሚባለው ሌላ ኦብጀክት ነው። ትሪ ማለት «በዚህ ፎልደር ውስጥ እንዲህ የሚባል ፋይል አለ፣ ይዘቱ እዚያ ቁጥር ላይ ነው» የሚል ዝርዝር ነው፤ ንዑስ ፎልደር ካለ ወደ ሌላ ትሪ ይጠቁማል። ኮሚት ደግሞ ሦስተኛው ነው። አንድ ትሪ ይጠቁማል፣ ከሱ በፊት የነበረውን ኮሚት ቁጥር ይይዛል፣ ማን መቼ እንደሠራውና መልእክቱን ይጨምራል። በቃ ይሄው ነው ኮሚት፤ ጥቂት መስመር ጽሑፍ። ታግ የሚባል አራተኛ ዓይነትም አለ።

ብዙ ሰው ጊት የሚያስቀምጠው በሁለት ኮሚቶች መካከል ያለውን ልዩነት ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። እያንዳንዱ ኮሚት የሚያመለክተው ሙሉውን ፕሮጀክት ነው፤ ያልተቀየረው ፋይል የድሮ ብሎቡን ስለሚጋራ ነው ቦታ የማይፈጀው። ልዩነት ማስላት የሚመጣው በኋላ ነው፣ ኦብጀክቶቹ ሲበዙ ጠቅልሎ ፓክ በሚባል አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ሲያሽጋቸው። እና አንድ ቀን ኦብጀክትስን ከፍታችሁ ባዶ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፣ ፓክ የሚለው ውስጥ ተመልከቱ።

አሁን ልብ በሉ። እያንዳንዱ ኮሚት የበፊቱን ቁጥር በውስጡ ስለያዘ፣ አንድ ሰው ከኋላ ገብቶ የድሮውን ኮሚት ቢነካካ ቁጥሩ ይቀየራል፤ የሱ ሲቀየር የቀጣዩም፣ እየተከተለ እስከ ዛሬ ድረስ። ታሪኩን ደብቆ መቀየር አይቻልም። ሌላ ታሪክ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ሌላ መሆኑ ቅጂው እጁ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይሄን ስረዳ ደስ ያለኝ ነገር!

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ብራንችስ የት ነው ያለው? ሪፍስ ውስጥ፣ ሄድስ የሚል ፎልደር ውስጥ። ስትከፍቱት በብራንቹ ስም አንድ ፋይል አለ፣ መጠኑ 41 ባይት። 40ው የኮሚቱ ቁጥር ነው፣ አንዷ መስመር መዝጊያ ናት። በሦስት ሳምንት ሥራዬና በኔ መካከል የነበረው ይሄ ነው፤ የሰረዝኩት 41 ባይት ነው። ሄድ የሚባለው ፋይል ደግሞ አሁን የትኛው ብራንች ላይ እንዳላችሁ የሚናገር አንድ መስመር ነው። በሰፈራችን ቋንቋ ልንገራችሁ፤ የሱቁን ታፔላ ነው ያወረድኩት፣ ሱቁ ከነዕቃው ቆሟል። የቸገረኝ መንገዱን የሚያሳየኝ ማጣት ነው።

የሚያሳየው ሎግስ ነው። ሄድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጊት እዚያ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ከየትኛው ቁጥር ወደ የትኛው፣ መቼ፣ በምን ትዕዛዝ። የተሰረዘው ብራንች የራሱ ሎግ አብሮት ይጠፋል፣ የሄድ ሎግ ግን ይቀራል። ጊት ሪፍሎግ ብዬ ሳይ የመጨረሻው ኮሚቴ ቁጥር ቁጭ ብሏል። ጊት ብራንች ብዬ፣ የብራንቹን ስም፣ ቀጥሎ ያንን ቁጥር። ኢንተር። ሁሉም ተመለሰ። እናቴ ከሌላው ክፍል «ምን ሆንክ?» አለችኝ፤ ጮኬ ነበር መሰለኝ።

ግን ይሄ ተአምር ዘላለማዊ አይደለም። ሎጉ በተለመደው አሠራር 90 ቀን ይቆያል፣ ከየትኛውም ብራንች የማይደረስበት ኮሚት ሲሆን ደግሞ 30 ቀን። ከዚያ በኋላ ጽዳቱ ሲመጣ ይጠረጋል። እና ደግሞ ዋናው ነገር፣ አድ ያላላችሁት ፋይል ኦብጀክትስ ውስጥ የለም። ሪሴት ሃርድ ብላችሁ ከጠፋ ጊት የሚመልስላችሁ ነገር የለውም። አድ ብላችሁት ኮሚት ካላደረጋችሁት ብሎቡ አለ፤ ጊት ኤፍኤስሲኬ በሚለው ትዕዛዝ ይገኛል፣ ስሙን ግን አያውቅም፣ አንድ በአንድ እየከፈታችሁ ነው የምትለዩት።

መብራት የሚጠፋባችሁ ደግሞ ይሄን ስሙ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። አንዴ ኮሚት እያደረግኩ ጠፋ። ሲመለስ ጊት «ኦብጀክቱ ባዶ ነው» ብሎ አልንቀሳቀስ አለ። ዜሮ ባይት ሆኖ የቀረ ብሎብ ነበር። መጀመሪያ ፎልደሩን በሙሉ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ፣ ከዚያ ባዶውን ፋይል አጠፋሁ። ያው ፋይል ውጭ የሥራ ቅጂው ላይ ስላለ በጊት ሃሽ-ኦብጀክት፣ ሰረዝ ደብልዩ ጨምሬ መልሼ አስገባሁት። ይዘቱ ያው ስለሆነ ቁጥሩም ያው፣ ቦታውም ያው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ይሄን ባላውቅ ፎልደሩን ደምስሼ ከዜሮ ነበር የምጀምረው፣ ሲያደርጉትም አይቻለሁ።

የዚሁ ሌላ ጎን አለ። የዳታቤዝ ፓስወርድ ኮሚት አድርጋችሁ፣ ደንግጣችሁ አጥፍታችሁ እንደገና ኮሚት ብታደርጉ የድሮው ብሎብ አሁንም አለ። ፑሽ ካደረጋችሁት ክሎን ያደረገ ሰው ሁሉ እጅ ገብቷል። ማጥፋቱ ላይ አትድከሙ፣ ቶሎ ፓስወርዱን ቀይሩ።

ነጋዴው የሆነውን አያውቅም። በሰዓቱ አስረከብኩት፣ ከፈለኝ፣ አሁን ወንድሙ ደግሞ እየጠየቀኝ ነው።

ላፕቶፕ የለኝም የምትሉ፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ተርመክስ አውርዳችሁ ጊትን መጫን ትችላላችሁ። ባዶ ፎልደር ፍጠሩ፣ ጊት ኢኒት በሉ፣ ስማችሁን የጻፋችሁበት አንድ ፋይል አድ አድርጉ። ኮሚት ከማድረጋችሁ በፊት ኦብጀክትስ ውስጥ ገብታችሁ ስንት ፋይል እንዳለ ቁጠሩ፤ ኮሚት ካደረጋችሁ በኋላ እንደገና ቁጠሩ። ቁጥሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የገባው ከታች ይጻፍ፤ ያልገባውም ይጻፍ፣ እመልሳለሁ።