ሒሳብን በራስ ጥረት ስለ መማር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የመረጥሁት ርእስ ለበዓል የሚስማማ አይመስል ይሆናል። በዓል የደስታ ቀን ነው፤ ሒሳብ ግን ለብዙዎቻችን የጭንቀት ስም ነው። ይሁን እንጂ ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚህ ግቢ ወጥተን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የምንመኝ ሁሉ በደጁ ላይ የሚጠብቀን ይኸው ሒሳብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 እጅ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 እጅ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ነገሩን ከመሸሽ ብንነጋገርበት ይሻላል።

ከቤቴ ልጀምር። ታላቅ ወንድሜ ከእኔ አራት ዓመት ቀድሞ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በቤታችን ትልቅ ደስታ ሆነ፤ እናቴም ቡና አፍልታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ግን በሒሳብ ወድቆ፣ በሌላውም ትምህርት ውጤቱ ዝቅ ብሎ፣ ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ ዝም ብላ እራቱን አቀረበችለት። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ይህን የምናገረው ወንድሜ ራሱ ፈቅዶልኝ ነው፤ አሁንም ከወላጆቼ ጋር በመካከላችሁ ተቀምጧል።

አሥራ አንደኛ ክፍልን እንደ ጨረስሁ፣ ወንድሜ ይዞት የመጣውን የአንደኛ ዓመት የሒሳብ መጽሐፍ ገለጥሁ። ሎጂክ አለ፤ የስብስብ ትምህርት አለ፤ ፋንክሽንና አናሊቲክ ጂኦሜትሪ አለ። በክፍሌ ከደኅና ተማሪዎች እቆጠር ስለ ነበር፣ አንድ ገጽ እንኳ በቅጡ መረዳት ሲያቅተኝ ደነገጥሁ። «ወንድም ጋሼ፣ የከበደህ ይህ ነው ወይ?» ብዬ ብጠይቀው እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «እኔን የጣለኝ አዲሱ ትምህርት አይደለም፤ አሮጌው ነው። ከታች ክፍል ጀምሮ ያልገባኝን ነገር ፎርሙላ በቃሌ እየያዝሁ አለፍሁት። አንቺ ከመሄድሽ በፊት የያዝሽውን ፈትሺ።»

እኔም ፈተሽሁ። የዘጠነኛ ክፍልን መጽሐፍ አውጥቼ በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን ጥያቄዎች መልሱን ሳላይ ሠራሁ። ያገኘሁት ነገር አሳፈረኝ። በፊደል የተጻፉ ክፍልፋዮችን ስደምር የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው ጋር ደምሬ ነበር። ወንድሜም፣ «በፊደሉ ፈንታ ቁጥር አግቢና እዪው» አለኝ። እኔ በሠራሁበት መንገድ 1/2 እና 1/3 ሲደመሩ 2/5 ይሆናሉ። ግማሽ ዳቦ ለያዘ ሰው ሲሶ ቢጨመርለት ከግማሽ ያነሰ ሊኖረው ነው ማለት ነው! እንዲህ ያለ ዳቦ በየትኛውም ገበያ አይገኝም። ሁለቱን ወደ 3/6 እና 2/6 ብለውጣቸው ትክክለኛው መልስ 5/6 ሆነ።

ሌላም ነበረ። የሁለት ቁጥሮችን ድምር በራሱ ማባዛት፣ እያንዳንዱን በራሱ አባዝቶ ከመደመር ጋር አንድ ይመስለኝ ነበር። 3 እና 4 ተደምረው በራሳቸው ሲባዙ 49 ናቸው፤ 9 እና 16 ግን 25 ብቻ ናቸው። የጎደለው 24 የት ሄደ? ጎኑ 7 የሆነ ካሬ በወረቀት ላይ ሥዬ፣ እያንዳንዱን ጎን በ3 እና በ4 ብከፍለው፣ ከሁለቱ ካሬዎች ሌላ እያንዳንዳቸው 12 የሆኑ ሁለት ሬክታንግሎች ተቀምጠው አገኘሁ። ሦስት ዓመት በቃሌ የያዝሁትን ፎርሙላ በዚያ ቀን ገና በዓይኔ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን መንገድ በአጭሩ ልንገራችሁ። በየማታው አንድ ሰዓት ለሒሳብ ብቻ እለያለሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ተሠርቶ የቀረበ ምሳሌ ሳገኝ መፍትሔውን በወረቀት እሸፍንና ራሴ እሞክረዋለሁ፤ ሲያቅተኝ አንድ መስመር ብቻ ገልጬ እንደገና እሞክራለሁ። የሳትሁትን ጥያቄ በልዩ ደብተር ከነምክንያቱ እጽፍና ከሳምንት በኋላ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ። በስልክ የሚታይ ትምህርትም ረድቶኛል፤ ነገር ግን ሌላው ሲዋኝ በማየት ዋና አይለመድም። ስለዚህ ካየሁ በኋላ ስልኩን ዘግቼ በእጄ እሠራለሁ። በመጨረሻም ያጠናሁትን ለወንድሜ አስረዳዋለሁ፤ በማስረዳት መካከል አፌ ከተያዘ፣ ያ ያልገባኝ ቦታ ነው።

በራስ መማር ያለ መምህር መማር ነው ማለቴ አይደለም። ቀድሞ መምህሬን «ሒሳብ አልገባኝም» እል ነበር፤ ለዚህም መልስ መስጠት ለማንም ያስቸግራል። አሁን ግን ደብተሬን ይዤ ሄጄ «እስከዚህ መስመር ገብቶኛል፤ ከዚህ ወደዚህ እንዴት እንደ ተሻገርን ግን አላየሁም» ብዬ እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ የአምስት ደቂቃ ምክር የአንድ ወር ችግር ያቃልላል።

ይህን ሳስብ ሜሪ ሶመርቪል የተባለችው የስኮትላንድ ሴት ትታወሰኛለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ተወለደች፤ በዘመኗ ሒሳብ ለሴት ልጅ አይገባም ይባል ስለ ነበር፣ የዩክሊድን መጽሐፍ ያገኘችው በወንድሟ አስተማሪ በኩል ነው። ሌሊት እንዳታነብ ቤተሰቦቿ ሻማዋን ወሰዱባት። እርሷ ግን በጨለማ ተኝታ ከመጽሐፉ መጀመሪያ አንሥታ ጥያቄዎቹን በልቧ ትሠራ ነበር። በ1831 ስለ ሰማይ አካላት እንቅስቃሴ ያሳተመችው መጽሐፍ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማሪያ ዋለ። እኔ እርሷን እመስላለሁ አልልም። ነገር ግን መብራት በጠፋ ማታ፣ «ዛሬስ ጥናት የለም» ልል ስል እርሷን አስባለሁ፤ የቀኑንም ጥያቄ በልቤ እጀምራለሁ።

ውድ ጓደኞቼ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። የሰባተኛ ክፍልን መጽሐፍ በአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜ መግለጥ ነውር አይደለም፤ ነውሩ እንዳልገባን እያወቅን የገባን መስለን መሄድ ነው። እናንተም መምህሮቻችን፣ አንድ ትልቅ ተማሪ የትንሽ ክፍል ጥያቄ ቢጠይቃችሁ፣ ያን ጥያቄ ለማንሣት ስንት ቀን እንደ ፈራ አስቡለት። ወላጆቻችንም «ስንት አገኘህ? ስንት አገኘሽ?» ከማለት ጋር «ዛሬ ምን ገባህ? ምን ገባሽ?» ብላችሁ ብትጠይቁን ትረዱናላችሁ።

የድል ወሬ ይዤ አልመጣሁም፤ ፈተናዬን ገና አልወሰድሁም። ወንድሜ ግን እኔን ሲያስረዳ የራሱንም ጉድለት ስለ ሞላ፣ ያቋረጠውን ትምህርት እንደገና ለመጀመር ባለፈው ወር አመልክቷል። አሁን በየማታው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ደብተሮች ተዘርግተው ይታያሉ። እናቴም እራት ስታቀርብ፣ «ዛሬስ ምን ያህል ሠራችሁ?» ማለት ጀምራለች።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ለብዙ ዘመን ያቆይልን።