የመርካቶ ልጅና የዘረኝነት ትምህርት

እሱ፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ያለነው አዲስ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ፣ ምናለሽ ተራ አጠገብ ነው። እዚህ ሠፈር ለሚማር የአንደኛ ክፍል ልጅ ስለ ዘረኝነት ይነገረው ወይ? እኔ ይቆይለት ባይ ነኝ፤ ገና ፊደል እየቆጠረ ነው።

እሷ፦ ወንድሜ፣ የሚጫወትበት ገበያ እኮ በዘር መድልዎ የተቋቋመ ነው! ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ቦታ ለአውሮፓውያን ብሎ፣ የሐበሻውን ገበያ ወደዚህ ወደ ምዕራብ ገፋው። ስሙንም «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» አለው። ነጭና ጥቁር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ እንኳ በሕግ ከልክሎ ነበር። ጣሊያን በ1933 ተባረረ፤ ገበያው እዚሁ ቀረ።

እሱ፦ ታሪኩን ትልልቆቹ ይማሩት። ለሕፃን ግን ጥላቻን ቀድመን እንዳናስተዋውቀው እፈራለሁ።

እሷ፦ ተዋውቆታል እኮ! በእረፍት ሰዓት በኳስ ሲጣሉ ጠቆር ያለውን ልጅ «ባሪያ» ይሉታል። ከማን ሰሙት? ከእኛው ከቤት ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተከልክሏል፤ ስድቡ ግን ዛሬም አለ። ይህ ደግሞ በጣሊያን አይሳበብም። ያ ልጅ ቤቱ ገብቶ ፊቱን በሳሙና ሲፈትግ እናቱ ምን ትበለው?

እሱ፦ ልክ ነሽ፣ ያማል። መምህሩ ራሱ ያንን ስድብ እየሰማ ያደገ ቢሆንስ?

እሷ፦ እንግዲያው ከመምህሩ እንጀምር። ለልጆቹ ፈተናም ደብተርም አያስፈልግም፤ ስድቡ በተሰማበት ቀን ትምህርቱን አቁሞ፣ ተሰዳቢውንም ተሳዳቢውንም ሳያሳፍር ያነጋግራቸው።

እሱ፦ በዚህስ እስማማለሁ። ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ምን ሰምተው እንደሚመጡ ደውላችሁ ንገሩን፤ መስመራችን ክፍት ነው።