አንጀት የሌለው አንጎል
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንወያይበት ጥያቄ ይህ ነው፤ የሰውን አንጎል አሠራር በመከተል የተሠራ መሣሪያ ያስባልን? ደስታና ሐዘንስ ይሰማዋልን?

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። በተለመደው ኮምፒዩተር ውስጥ የሚያስታውሰው ክፍልና የሚያሰላው ክፍል ተለያይተው ስለሚገኙ፤ መረጃው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ብዙ ኃይል ይባክናል። በአንጎላችን ግን ሁለቱ ሥራዎች አልተለያዩም። 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ተያይዘው፤ በቂ መልእክት የደረሰው ሕዋስ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል፤ ያልደረሰው ዝም ይላል። ይህም ሁሉ የሚከናወነው በ20 ዋት ግድም፤ ማለት ለአንዲት ደካማ አምፑል በሚበቃ ኃይል ነው።

ይህን ለመቅዳት የተጀመረው ሙከራ የቆየ ነው። ማክከሎክና ፒትስ እ.ኤ.አ. በ1943 የነርቭን ሥራ በሒሳብ ገለጡ። ሮዘንብላት በ1958 ከምሳሌ የሚማረውን ፐርሴፕትሮን አስተዋወቀ። በ2014 አይ.ቢ.ኤም. ያወጣው ትሩኖርዝ የተባለው ቺፕ 1 ሚሊዮን ሰው ሠራሽ ነርቮችን ይዞ ከአንድ ዋት አንድ አሥረኛ ባነሰ ኃይል ይሠራ ነበር። ታላቅ ሥራ ነው፤ አናቃልለውም።

ነገር ግን አማርኛችን ሐዘንን «ሆዴ ባባ»፤ ርኅራኄን «አንጀቴን በላው» ይላል። አባቶቻችን ስሜትን ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አላኖሩትም። የዛሬው ሳይንስም ከሆድና ከልብ ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሰውን ቬገስ የተባለውን ነርቭ ያሳየናል። የሚራብ፤ የሚቆስልና የሚሞት አካል ስላለን ነገር ይገደናል። ቺፑ ግን ቢበራም ቢጠፋም ምን ይገደዋል? ዛሬ ከሰው ጋር የሚነጋገሩት ፕሮግራሞች «አዝኛለሁ» ቢሉን፤ ቃሉን የተማሩት ካዘኑ ሰዎች ጽሑፍ ነው።

«ወደ ፊት አካል ቢሰጠውስ?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። መልካም ጥያቄ ነው፤ በሩን አንዘጋም። ሥቃይ የሚሰማው ነገር የሠራን እንደ ሆነ፤ ባለዕዳዎቹ እኛው እንሆናለን።

እስከዚያው ግን የሚያሰጋን ሌላ ነው። ማን ይቀጠር፤ ለማን ብድር ይሰጥ በሚለው ጉዳይ ላይ መሣሪያ አስተያየት ሲሰጥ፤ ሹሙ «ማሽኑ ነው ያለው» ብሎ እጁን ይታጠባል። ታዲያ የተበደለው ሰው ለማን አቤት ይበል? ማሽን አያፍርም፤ አይጸጸትም፤ ተከሶም ፍርድ ቤት አይቆምም።

ስለዚህ ጓደኞቻችን፤ ነገ መሐንዲስ፤ ሐኪም ወይም ዳኛ ስንሆን ማሽኑ ያስላልን፤ ይርዳንም። ፍርዱን ግን በስሙ የሚፈርምበትና አንጀት ያለው ሰው ይስጥ። ይህን ኃላፊነት ለማንም አናስረክብ።