ጭንቀት፣ ጉንፋንና የሰበካ ጉባኤያችን ድርሻ

(በመካነ ሰላም ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት ከቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አባቶች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ብርዱ በሚጸናባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት በቦረና፣ በለጋምቦ፣ በወግዲና በሳይንት ደጋዎች ሳል የማይሰማበት ቤት ጥቂት ነው። በሩ ይዘጋል፤ እሳት ይነዳል፤ ቤተሰቡ ተጠጋግቶ ያድራል። ቫይረስ ከአንዱ ትንፋሽ ወደ ሌላው የሚሻገረው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ነገር ግን አንድ ዓይነት ጉንፋን ከያዛቸው ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ በሦስት ቀን ሲነሣ ሌላው ለምን አልጋ ላይ ይውላል? ዕድሜ፣ ምግብና ሌላ ሕመም ልዩነት ያመጣሉ። ዛሬ የምናነሣው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን ምክንያት ነው፤ እርሱም የቆየ ጭንቀት ነው።

ይህ በጥናት የተፈተነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ሼልደን ኮኸን የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ ሀገር ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ፈቃደኛ በሆኑ 394 ጤነኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ያለበት ጠብታ ጨመሩ። አስቀድመው የእያንዳንዱን የጭንቀት መጠን መዝግበው ነበር። ከሁሉ ያነሰ ጭንቀት ከነበረባቸው ከ100 ሰዎች 27ቱ ገደማ በጉንፋን ሲታመሙ፣ ከሁሉ የበዛ ጭንቀት ከነበረባቸው ግን 47ቱ ታመሙ። በ1998 የታተመው ሌላው ጥናታቸው ደግሞ ይበልጥ የሚጎዳው አንድ ወርና ከዚያ በላይ የዘለቀ ችግር፣ በተለይም ሥራ ማጣትና ከቤተሰብ ወይም ከወዳጅ ጋር የቆየ ጠብ መሆኑን አሳየ።

ምክንያቱን በአጭሩ እንግለጽ። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ለጥቂት ጊዜ ሲሆን ጠቃሚ ነው፤ በሽታን የሚዋጉትን የደም ሴሎች ከልክ እንዳያልፉ ይገታል። ጭንቀቱ ለወራት ሲዘልቅ ግን ሴሎቹ ትእዛዙን መስማት ያቆማሉ። ሌሊትና ቀን ያለማቋረጥ የሚደወል ደወል በመጨረሻ ሰሚ እንደሚያጣ ማለት ነው። ያን ጊዜ የአፍንጫውና የጉሮሮው ቁጣ ልጓም አጥቶ ሕመሙ ይበረታል። የተጨነቀ ሰው እንቅልፍም ያጣል፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ በራሱ ለጉንፋን ያጋልጣል።

ወደ አጥቢያችን እንመለስ። የበልግ ዝናብ የቀረበት ገበሬ፣ ዕዳ የከበደው አባወራ፣ ልጇ የደረሰበትን የማታውቅ እናት፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ በዘመድ ቤት የተጠጋ ቤተሰብ፤ የእነዚህ ሁሉ ጭንቀት የአንድ ቀን ድንጋጤ አይደለም። ሕመሙ ቀድሞ የሚበረታው በእነርሱ ላይ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አባቶቻችን ያቆዩልን ሀብት ዋጋው ይታያል። እነዚያው ተመራማሪዎች በ1997 ባወጡት ጥናት 276 ሰዎችን በተመሳሳይ መንገድ ፈትነው፣ ከቤተሰብ፣ ከጎረቤትና ከማኅበር ጋር ብዙ ዓይነት ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጉንፋን የሚታመሙት ባነሰ መጠን መሆኑን አግኝተዋል። በወሎ ይህን ግንኙነት ቅሬ፣ ሰንበቴና ማኅበር ብለን እናውቀዋለን። ያዘነን ማጽናናትና የታመመን መጠየቅ ምግባር ብቻ ሳይሆን ለሥጋም ጥበቃ ነው።

ሆኖም አንድ ችግር አለ፤ የሚያጽናናን መሰባሰብ ቫይረስንም ያስተላልፋል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ የሚቀብር እስኪታጣ ድረስ ሰው ሲፈጅ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ድነዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በሀገራችን ከተገኘ በኋላም መራራቅ ግድ ሆኖብን ነበር፤ ብዙ አረጋውያንም በብቸኝነት ተጎዱ። ስለዚህ መጠያየቁን ሳንተው አኳኋኑን እናስተካክል፤

አንደኛ፣ ለቅሶ ተቀማጭ በደጅ ወይም በድንኳን ይቀመጥ፤ በቤት ከሆነ በርና መስኮት ይከፈት።
ሁለተኛ፣ የሚያስለው ሰው በቤቱ ይቆይ፤ መልእክት ይላክ፤ ውኃና ምግብ ግን አይቋረጥበት።
ሦስተኛ፣ ሰበካ ጉባኤው ብቻቸውን የሚኖሩትን፣ የተፈናቀሉትንና ሐዘንተኞችን መዝግቦ በየሳምንቱ የሚጠይቃቸውን ሰው ይመድብ።
አራተኛ፣ የቆየ ጠብ ጤናን የሚጎዳ ነውና ሽምግልናው አይዘግይ።

ለንስሐ አባቶች አንድ አደራ አለን። የታመመውን «ስለ ተጨነቅህ ነው» ወይም «እምነትህ ስለ ጎደለ ነው» አንበለው፤ በሸክሙ ላይ ሸክም መጨመር ይሆናልና። ጭንቀት ያጋልጣል እንጂ ያለ ቫይረስ ጉንፋን አያመጣም። ማጽናናትም የክትባትና የሕክምና ምትክ አይደለም። ትንፋሹ የፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ መጥባት ያቃተው ሕፃን፣ ወይም ትንፋሽ ያጠረው አረጋዊ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ጸሎቱም ጠበሉም ከሕክምናው ጋር አይጣሉም።

የዚህች ከተማ ስም የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ሰላም ከሁሉ በፊት የሚፈለገው በተጨነቀ ሰው ቤት ነውና፣ ከዚህ ጉባኤ ስንወጣ እያንዳንዳችን የአንድ ቤት ደጃፍ እናስብ፤ በዚህ ሳምንትም እንሂድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።